ፐንክ ሮክ ከጓዳ ወደ አደባባይ እንዴት ወጣ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፐንክ ሮክ በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክና በለንደን ትንንሽ ክለቦች ተነሥቶ በ1994 በሚሊዮን ቅጂ የሚሸጥ ሙዚቃ እስኪሆን ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ይህ ጉዞ ሲነሣ ወሬው ብዙ ጊዜ "ማን ከዳ፣ ማን ጸና" በሚለው ላይ ይቀራል። ሸክላው በስንት ታተመ፣ ማን አከፋፈለው፣ ሽያጩ እንዴት ተቆጠረ፣ ውሉ ምን ይላል የሚሉት ጥያቄዎች ግን የበለጠ ያስረዳሉ ብለን እናምናለን፤ መልሶቻችንም ወደዚያ ያደላሉ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፐንክን ከሌላው ሮክ በጆሮ እንዴት መለየት ይቻላል?

መጀመሪያ ጊታሩን ያዳምጡ። የፐንክ ጊታሪስት ከሙሉ ኮርድ ይልቅ "ፓወር ኮርድ" የሚባለውን ይመርጣል፦ መነሻው ኖታ፣ አምስተኛው፣ ከዚያም መነሻው ከፍ ብሎ ይደገማል። አምፕሊፋየሩ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ድረስ ሲከፈት ሦስተኛው ኖታ ከሌሎቹ ጋር ይጋጭና ሁሉንም ያደፈርሳል። እሱ ሲወጣ ግን ድምፁ ጥርት ብሎ ይመታል። የጣቶቹ ቅርጽ ሳይለወጥ እጁ በጊታሩ አንገት ላይ ብቻ ስለሚንሸራተት ጀማሪ በጥቂት ሳምንት ልምምድ ሙሉ ዘፈን መጫወት ይችላል። በ1977 መጀመሪያ "ሳይድበርንስ" የተባለች በእጅ የተሠራች የእንግሊዝ መጽሔት የሦስት ኮርዶችን ሥዕል (ኤ፣ ኢ እና ጂ) አትማ አንባቢዎቿ ባንድ እንዲመሠርቱ የጋበዘችው በዚሁ የቅለት መንፈስ ነው።

ቀጥሎ የጊታሪስቱን ቀኝ እጅ ይከታተሉ። የራሞንስ ባንድ ጊታሪስት ጆኒ ራሞን ክሩን የሚመታው ወደ ታች ብቻ ነበር። ወደ ላይና ወደ ታች እያፈራረቁ መምታት ይቀላል፤ ችግሩ አንዱ ምት ከብዶ ሌላው ይቀላል። ወደ ታች ብቻ ሲሆን እያንዳንዱ ምት እኩል ይወድቃል፤ ያ የማያቋርጥ የመጋዝ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሲሞክሩት የሚገጥመው የተለመደ ስሕተት ሙሉ ክንድን አግትሮ መምታት ነው። ክንዱ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ይዝላል። እንቅስቃሴው ከእጅ አንጓ መምጣት አለበት።

የመጨረሻው ምልክት እጥረቱ ነው። የራሞንስ የመጀመሪያ አልበም 14 ዘፈኖች አሉት፤ ሁሉም በ29 ደቂቃ ያልቃሉ።

የተጀመረው ኒውዮርክ ነው ወይስ ለንደን?

እንደ ድምፅ ኒውዮርክ ይቀድማል፤ እንደ ዜና ለንደን። ሂሊ ክሪስታል ሲቢጂቢ የተባለውን ክለብ በባወሪ ጎዳና የከፈተው በ1973 መጨረሻ ሲሆን፣ ከኩዊንስ የመጡት ራሞንስ እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወቱት በኦገስት 1974 ነው። አልበማቸው በኤፕሪል 1976 ሲወጣ ቀረጻው የፈጀው 6,400 ዶላር ገደማ ነበር፤ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ግን ከ111ኛ ደረጃ አላለፈም። በዚያው ዓመት ጁላይ 4 ቀን ለንደን ራውንድሀውስ ሲጫወቱ የእንግሊዝ ወጣቶች በጉጉት ጠበቋቸው። ራሞንስ እስከ 1996 ያለ ዕረፍት እየዞሩ ተጫውተው ሲበተኑ በአገራቸው አንድም የስቱዲዮ አልበማቸው ከፍተኛ ሽያጭ አላገኘም። የመጀመሪያው አልበማቸው የግማሽ ሚሊዮን ሽያጭ የወርቅ ማረጋገጫ ያገኘው በ2014 ነው፤ በዚያው ዓመት ከአራቱ መሥራቾች የመጨረሻው በሕይወት የነበረው ቶሚ አረፈ።

የለንደኑ ባንድ ሴክስ ፒስቶልስ ገና በ1977 አንደኛ ወጥተው የለ? ታዲያ ፐንክ አደባባይ የወጣው በ1994 ነው ለምን ይባላል?

በእንግሊዝ አዎ፣ ወጥተዋል። ዲሴምበር 1 ቀን 1976 ምሽት ላይ በቴምስ ቴሌቪዥን ከጋዜጠኛው ቢል ግራንዲ ጋር በቀጥታ ሥርጭት ቀርበው ተሳደቡ፤ በማግስቱ የጋዜጦቹ የፊት ገጽ የእነሱ ሆነ። የኮንሰርት ጉዟቸው በአብዛኛው ተሰረዘ፣ ኢኤምአይ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ በጃንዋሪ ውላቸውን አፈረሰ፣ ኤ ኤንድ ኤም በማርች አስፈርሞ በሳምንቱ አሰናበታቸው። በመጨረሻ ቨርጂን ተቀበላቸው። ንግሥቲቱን የሚነካው ዘፈናቸው በንግሥናዋ 25ኛ ዓመት በዓል ሰሞን ቢቢሲ ከልክሎት እያለ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ፤ በኦክቶበር የወጣው አልበማቸው አንደኛ ሆነ።

በአሜሪካ ያው አልበም 106ኛ ደረጃ ላይ ቆመ። ባንዱም በጃንዋሪ 1978 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተበተነ። ልዩነቱን የሚያስረዳው የአገር ስፋት ነው። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ብሔራዊ ሬዲዮ፣ ጥቂት ብሔራዊ ጋዜጦችና የሙዚቃ ሳምንታዊዎች አገሩን በአንድ ቀን ያዳርሱታል። በአሜሪካ ግን ሬዲዮው በየከተማው የተለያየ ነው፤ ፕሮግራም መሪዎቹ ፐንክን አንፈልግም ካሉ ዘፈኑን የሚያደርስ ሌላ መንገድ አልነበረም። ክላሽ የተባለው ባንድ በ1982 ባወጣው አንድ ዘፈን በአሜሪካ ስምንተኛ ደረጃ ድረስ ቢወጣም፣ እሱን ተከትሎ የገባ አልነበረም። መንገዱ እስኪሠራ አሥራ አምስት ዓመት ወሰደ።

መንገዱን የሠራው ማን ነው? ወጣቶቹ ያለ ኩባንያ ሸክላ ያሳተሙት እንዴት ነበር?

የጉዳዩ ልብ ይህ ስለሆነ ዘርዘር እናድርገው።

የማንቸስተሩ ባዝኮክስ ባንድ በዲሴምበር 1976 ከቤተሰብና ከጓደኛ 500 ፓውንድ ተበድሮ አራት ዘፈን ቀረጸ። ቀረጻው ሦስት ሰዓት፣ ድምፅ ማደባለቁ ሁለት ሰዓት ወሰደ። 1,000 ቅጂ አሳተሙ፤ ሸክላው አልቆ እየተደገመ 16,000 ደረሰ። ሽፋኑ ላይ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀረጸ ጻፉበት። ያነበበው ሁሉ ነገሩ በእጁ እንዳለ ተረዳ። በ1977 ዴስፐሬት ባይሲክልስ የተባለ የለንደን ባንድ የሸክላውን ወጪ ሽፋኑ ላይ አሳወቀ፦ 153 ፓውንድ።

በዋሽንግተን ደግሞ በ1980 ቲን አይድልስ የተባሉ ተማሪዎች ከኮንሰርት ያገኙትን 600 ዶላር ገደማ ሳይነኩ አጠራቅመው ነበር። ባንዱ ሲፈርስ ገንዘቡን ከመካፈል ይልቅ ስምንት ዘፈን የያዘ ባለ 7 ኢንች ሸክላ 1,000 ቅጂ አሳተሙበት። ለሽፋኑ አንድ የሌላ ባንድ ሽፋን ከሙጫው ፈትተው ዘረጉ፣ ቅርጹን በወረቀት ላይ ገለበጡ፣ ከዚያ አንድ በአንድ በመቀስ ቆርጠው፣ አጥፈው፣ አጣበቁ። የባንዱ አባላት ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን የመሠረቱት ዲስኮርድ የተባለው አሳታሚ በዚህ ጀመረ። ዛሬም አለ።

ሸክላ ለማሳተም ለሚነሣ ሰው ዋና ዋናዎቹ ወጥመዶች ያኔም ዛሬም አንድ ናቸው። ባለ 7 ኢንች ሸክላ በደቂቃ በ45 ዙር ሲጫወት በአንድ ገጹ አራት ደቂቃ ገደማ በደንብ ይይዛል፤ በ33 ዙር ስድስት ደቂቃ። ከዚያ በላይ ከተጨነቀ መስመሮቹ መቀራረብ ስላለባቸው ድምፁ ይደክማል፣ የጀርባ ሹክሹክታው ጎልቶ ይሰማል። ቤዙ ከበዛ ወይም በግራና በቀኝ ተለያይቶ ከተቀረጸ መርፌዋ ከመስመሯ ትዘላለች፤ ስለዚህ ቤዝና የእግር ድራም መሃል ላይ ይቀመጣሉ። ማተሚያ ቤቱ ሙሉውን ከማተሙ በፊት የሚልካቸውን ጥቂት የሙከራ ቅጂዎች በተለያዩ ማጫወቻዎች ሳይሰሙ "ይታተም" ማለት አይገባም። ስሕተቱ በዋናው ሻጋታ ላይ ካለ ሺሁም ቅጂ ላይ ይኖራልና።

ሸክላው ከታተመ በኋላ አድማጩን የሚያገኘው እንዴት ነው?

በፖስታ፣ በኮንሰርት በርና በመጽሔት። እንደ ማክሲመም ሮክንሮል (ከ1982 ጀምሮ) ያሉ መጽሔቶች የሸክላ ግምገማ፣ የባንዶች አድራሻና ከየከተማው የተላከ ዘገባ ያትሙ ነበር። አንድ ባንድ ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ በቫን ኒውዮርክ ድረስ ለመጫወት ሲያስብ በየመንገዱ ማን ቤት እንደሚያድር፣ የትኛው አዳራሽ እንደሚፈቅድለት የሚያውቀው ከዚያ ነው። ብላክ ፍላግ የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድና ጊታሪስቱ ግሬግ ጊን የመሠረተው ኤስኤስቲ የተባለው አሳታሚ ይህን መስመር ከተማ በከተማ ዘረጉት፤ በኋላ ሌሎች በተጠረገ መንገድ ሄዱበት።

ሁለተኛው ችግር ዕድሜ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ክለብ የሚኖረው ከመጠጥ ሽያጭ ነው፤ የፐንክ አድማጭ ግን ብዙው ለመጠጥ ያልደረሰ ተማሪ ነው። ቲን አይድልስ ሳን ፍራንሲስኮ ሲጫወቱ ማቡሃይ ጋርደንስ ክለብ ልጆቹን ያስገባቸው በእጃቸው ጀርባ ላይ በጥቁር ቀለም ትልቅ ኤክስ ምልክት አድርጎ ነበር፤ ምልክቱን ያየ አስተናጋጅ መጠጥ አይሸጥላቸውም። ይህን ዘዴ ዋሽንግተን ይዘውት ሄደው የክለብ ባለቤቶችን አሳመኑበት። የማካይ ኋለኛ ባንድ ፉጋዚም ለዓመታት መግቢያውን 5 ዶላር አካባቢ አድርጎ፣ ዕድሜ በማይገድብ አዳራሽ ብቻ ተጫውቷል። ትልልቅ ኩባንያዎች ቢጠይቁትም አልፈረመም። እኛ እንደምናየው በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከኩባንያ ውጭ ሙሉ ኑሮ መኖር እንደሚቻል በተግባር ያሳየው ፉጋዚን ያህል ማንም የለም።

ባድ ብሬይንስ ከኢትዮጵያ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

የሚያገናኛቸው የራስ ተፈሪያን እምነት ነው። ባድ ብሬይንስ የተባለው ባንድ አባላት የዋሽንግተን አካባቢ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ነበሩ፤ መጀመሪያ የጃዝ ውህድ ይጫወቱ ነበር። ወደ ፐንክ ሲዞሩ ያን የጣት ችሎታ ይዘው ስለመጡ ፍጥነታቸውን የሚስተካከል ጠፋ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የቦብ ማርሌይን መንገድ ተከትለው ራስ ተፈሪያን ሆኑ፤ ከዘውድ በፊት ስማቸው ራስ ተፈሪ የነበረውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን እንደ አምላክ ማክበርን የእምነታቸው መሠረት አደረጉ። በ1982 በካሴት ብቻ የወጣው አልበማቸው ሽፋን ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት ጉልላት በመብረቅ ሲመታ ይታያል፤ ቀለሞቹ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ናቸው። በአልበሙ ውስጥ ከአንድ ደቂቃ ተኩል የማይበልጥ እሳት የሆነ ዘፈን ያልቅና ወዲያው ቀዝቀዝ ያለ ሬጌ ይከተላል። ብዙ የዋሽንግተን ባንዶች መጫወት የተማሩት እነሱን እያዩ ነው። ዛሬ ያቺ ከተማ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች አንዷ መሆኗን ስናስብ፣ እነዚያ ሦስት ቀለሞች በከተማዋ የፐንክ ታሪክ መነሻ ላይ መታተማቸው ለአማርኛ አንባቢ ሊነገር የሚገባው ነው።

በለንደንም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሮክሲ ክለብ በ1977 መጀመሪያ ሲከፈት ገና የሚጫወት የፐንክ ሸክላ ስላልነበረ ዲጄው ዶን ሌትስ በባንዶቹ መካከል ሬጌ ያጫውት ነበር። የክላሽ ባንድ ሬጌ መጫወት ብዙ ሰው እንደሚያስበው በድንገት የመጣ አልነበረም።

በ1991 ምን ተለወጠ?

የሽያጭ አቆጣጠሩ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ቢልቦርድ መጽሔት ሰንጠረዡን የሚያወጣው ለሙዚቃ መደብሮች እየደወለ "የትኛው በደንብ ተሸጠ?" ብሎ በመጠየቅ ነበር። ሻጩ በግምት ይመልሳል፤ የኩባንያ ወኪል ነጻ ሸክላና ስጦታ ሰጥቶት ከሆነም መልሱ ያዘነብላል። ከሜይ 25 ቀን 1991 ጀምሮ ግን ሳውንድስካን በተባለ ሥርዓት ካሸሩ ባርኮዱን ሲያነብ የተመዘገበው ትክክለኛ ቁጥር መጠቀም ተጀመረ። በሳምንታት ውስጥ ሬዲዮ የማያጫውታቸው ሙዚቃዎች በሰንጠረዡ ወደ ላይ ወጡ፤ የራፕ ቡድኑ ኤንደብሊውኤ በጁን አንደኛ ሆነ። ኩባንያዎች አናውቀውም ያሉት ገበያ እዚያው አጠገባቸው እንደነበረ አዩ።

በሴፕቴምበር 24 የኒርቫና ሁለተኛ አልበም ወጣ። የመጀመሪያቸው በትንሹ ሰብ ፖፕ አሳታሚ በ606 ዶላር ከ17 ሳንቲም የተቀረጸ ነበር። ለሁለተኛው ዲጂሲ ኩባንያ ለአሜሪካ ገበያ የላከው 46,251 ቅጂ ብቻ ነው፤ በጃንዋሪ 1992 የማይክል ጃክሰንን አልበም አስለቅቆ አንደኛ ወጣ። ኒርቫናን ሰዎች ግራንጅ በሚባለው የሮክ ዘርፍ ይመድቧቸዋል፤ የመጡበት መስመር ግን ያ የቫን፣ የመጽሔትና የትንሽ አሳታሚ መስመር ነው። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ኩባንያ ሠራተኛ ሥራ "ቀጣዩን ኒርቫና" መፈለግ ሆነ።

1994ን ልዩ ያደረገው ምንድን ነው?

ሁለት አልበሞች በሁለት ተቃራኒ መንገድ በአንድ ዓመት ውስጥ ሚሊዮኖችን ማግኘታቸው።

ግሪን ዴይ በበርክሌይ ካሊፎርኒያ ላይ ባለው 924 ጊልማን ስትሪት ክለብ ያደጉ ናቸው። በሉክአውት አሳታሚ ሁለት አልበም ካወጡ በኋላ በ1993 ለሪፕራይዝ ኩባንያ ፈረሙ። ዱኪ የተባለው አልበማቸው በፌብሩዋሪ 1994 ወጣ። በሮብ ካቫሎ ፕሮዲውሰርነት የተሠራው ሥራ የድሮውን ቅርጽ አልነካም፤ ዘፈኖቹ አጭር ናቸው፣ ኮርዶቹም ጥቂት። የተለወጠው ጥራቱ ነው። ድምፃዊው ከፊት ይሰማል፣ ሁለተኛው ድምፅ በስምምነት ይከተለዋል፣ የድራሙ እያንዳንዱ ክፍል ተለይቶ ይደመጣል። የመጀመሪያው ቪዲዮ የተቀረጸው እራሳቸው በሚኖሩበት ምድር ቤት ነው። ኤምቲቪ የተባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ደጋግሞ አሳየው፤ በኦገስት በውድስቶክ 94 ፌስቲቫል ከሕዝቡ ጋር ጭቃ ሲወራወሩ በቴሌቪዥን ታዩ። አልበሙ በ1999 በአሜሪካ የ10 ሚሊዮን ማረጋገጫ አገኘ።

ኦፍስፕሪንግ ግን ትልቅ ኩባንያ አልነበራቸውም። ስማሽ የተባለውን አልበማቸውን በኤፕሪል 1994 ያወጣው የባድ ሪሊጅን ጊታሪስት ብሬት ጉረዊትዝ የመሠረተው ኤፒታፍ ነው። የቀረጻ በጀቱ 20,000 ዶላር ገደማ ነበር። የሎስ አንጀለሱ ሬዲዮ ኬሮክ አንዱን ዘፈን ያዘው፣ ሌሎች ጣቢያዎች ተከተሉ፣ አልበሙ በዓለም ዙሪያ ከ11 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ ከወጡት አልበሞች በብዛት ከተሸጡት አንዱ ነው።

በዚያው ዓመት ኖኤፍኤክስ የተባለው ባንድ ለኤምቲቪ ቪዲዮ ሳይሰጥ ግማሽ ሚሊዮን የሚሸጥ አልበም አወጣ፤ ራንሲድ ብዙ ኩባንያ ሲለምነው ኤፒታፍ ጋር ቀረ።

ጊልማን ክለብ ግሪን ዴይን ለምን አገደ?

ደንቡ ስለነበር ነው። በ1986 የመጨረሻ ቀን የተከፈተው ጊልማን በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ፣ መጠጥ የማይሸጥ፣ ያኔ በ2 ዶላር ዓመታዊ አባልነት የሚገባበት አዳራሽ ነው። ዘረኝነት፣ ሴትን ማዋረድ፣ ድብድብ አይፈቀድም፤ ለትልቅ ኩባንያ የፈረመ ባንድም አይጫወትበትም ነበር። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቅናት ያየዋል፤ እኛ አይመስለንም። ጥቂት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ በቴሌቪዥን የሚታይ ባንድ ካስገባ በሩ ላይ ሺህ ሰው ይሰለፋል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ የጎረቤት አቤቱታ ይከተላል፣ ጀማሪው ባንድ የሚጫወትበት ቀን ያጣል። ደንቡ አዳራሹን አትርፎታል። ግሪን ዴይ ከ22 ዓመት ገደማ በኋላ በ2015 እሳት ለደረሰባቸው የማተሚያና የመጽሐፍ ማኅበራት ርዳታ ማሰባሰቢያ እዚያ ተመልሰው ተጫውተዋል።

ለትልቅ ኩባንያ የፈረመ ባንድ ሀብታም ይሆናል?

አብዛኛው አይሆንም። የሚከተሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ ስሌቱ ግን የ1990ዎቹን የተለመደ ውል ይከተላል።

ሲዲው በ15 ዶላር ይሸጣል እንበል። ኩባንያው መጀመሪያ "ለማሸጊያ" ብሎ 25 በመቶ ይቀንሳል፤ 11.25 ዶላር ቀረ። ባንዱ ከዚህ 12 በመቶ ይታሰብለታል፤ ግን ከዚያው ላይ 3 በመቶው ለፕሮዲውሰሩ ነው። ቀሪው 9 በመቶ ከአንድ ሲዲ 1 ዶላር ከ1 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። አሁን ወጪውን እንይ። ቀረጻ 120,000፣ የቪዲዮው ግማሽ 50,000፣ ለኮንሰርት ጉዞ ድጋፍ 40,000፣ ለመኖሪያ ቅድመ ክፍያ 40,000፦ ድምሩ 250,000 ዶላር። ይህ ሁሉ ከባንዱ ድርሻ የሚመለስ ብድር ነው። 100,000 ሲዲ ቢሸጥ የባንዱ ድርሻ 101,250 ነው፤ ስለዚህ መቶ ሺህ ሸጦ 148,750 ዶላር ዕዳ አለበት። ዕዳው የሚዘጋው 247,000 ገደማ ሲሸጥ ነው።

ያው ባንድ በትንሽ አሳታሚ 20,000 ሲዲ ለአከፋፋይ በ6 ዶላር ቢሸጥ 120,000 ዶላር ይገባል። ማሳተሚያ 20,000፣ ቀረጻ 10,000፣ ማስታወቂያ 10,000 ሲቀነስ 80,000 ይተርፋል። የትንንሾቹ ልማድ ትርፍን እኩል መካፈል ስለሆነ ባንዱ 40,000 ዶላር እጅ በእጅ ይወስዳል።

የግጥምና የዜማ ክፍያ ለብቻው የሚታሰብ በመሆኑ ብዙዎችን ያኖራቸው እሱ ነው። በ1994 በአሜሪካ ሕግ የአንድ ዘፈን ክፍያ በቅጂ 6.6 ሳንቲም ነበር። ውሎቹ ግን ብዙ ጊዜ "75 በመቶውን ብቻ፣ ቢበዛም ለ10 ዘፈን" የሚል አንቀጽ ያስገባሉ። ያ ማለት ለአንድ ሲዲ 49.5 ሳንቲም ነው። አንቀጹ ፐንክን በተለይ ይጎዳል፤ ዘፈኖቹ አጫጭር ስለሆኑ አልበሙ ላይ 14 ወይም 17 ይኖራሉና አራቱ ወይም ሰባቱ በነጻ ሄዱ ማለት ነው። ዛሬም ውል የሚፈርም ሙዚቀኛ ይህንን አንቀጽ ፈልጎ ያንብብ።

ፈርመው የከሰሩ አሉ?

ብዙ። በጣም የሚያሳዝነው የጆውብሬከር ታሪክ ነው። አንፈርምም ሲሉ ቆይተው በ1995 በዲጂሲ ኩባንያ በኩል አልበም አወጡ፤ ፕሮዲውሰሩ ዱኪን የሠራው ያው ሮብ ካቫሎ ነበር። የቆዩ አድማጮቻቸው በኮንሰርት ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፣ አዲስ አድማጭ ሬዲዮው አላመጣላቸውም፣ በ1996 ተበተኑ። አልበሙ ከዓመታት በኋላ ተወዳጅ ሆነ፤ ባንዱም በ2017 ቺካጎ ላይ ተመልሶ ተጫወተ።

ትንንሽ አሳታሚዎችስ? ሽያጭ ሲበዛ ይጠቀማሉ?

ሽያጭ ራሱ ሊያፈርሳቸው ይችላል። አንድ አሳታሚ የ50,000 ሲዲ ትእዛዝ መጣለት እንበል። ማተሚያ ቤቱ 50,000 ዶላሩን አሁን ይፈልጋል፤ አከፋፋዩ ግን የሚከፍለው ከሦስት ወይም አራት ወር በኋላ ነው፣ ያልተሸጠውንም ይመልሳል። የመጀመሪያው ሳይከፈል ሁለተኛ ትእዛዝ ይመጣል። በዚህ መሃል ሒሳቡ የሚሞላው ለባንዶቹ ከሚገባው ድርሻ ተነክቶ ነው፤ ቅሬታው ከዚያ ይጀምራል። አከፋፋዩ ከከሰረማ የሁሉም ገንዘብ አብሮ ይሄዳል፤ በ1991 በእንግሊዝ ራፍ ትሬድ ማከፋፈያ ሲወድቅ የሆነው ይህ ነው። ሉክአውትም የግሪን ዴይ የቀድሞ አልበሞች ለዓመታት ሲያኖሩት ቆይተው፣ ክፍያ ስለተጓደለ ባንዱ በ2005 አወጣቸው፤ አሳታሚው በ2012 ተዘጋ። ለባንዶቹ የሚገባውን ድርሻ በተለየ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ፣ ከተመላሽ ፍራቻም በትእዛዙ ልክ ሳይሆን በሚሸጠው ልክ ማሳተም ዋናው መከላከያ ነው።

ከ1994 በኋላስ?

በ1995 ዋርፕድ ቱር የተባለው ተጓዥ ፌስቲቫል ባንዶቹን ከስኬትቦርድ ጋር በየከተማው አዞረ። በ1999 ብሊንክ-182 በኤምሲኤ በኩል በሚሊዮኖች ሸጠ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የቶኒ ሆክ የስኬትቦርድ ጨዋታ ፐንክ ዘፈኖችን ሸክላ መደብር ረግጠው ለማያውቁ ልጆች ቤት አስገባ። ግሪን ዴይ በ2004 የጦርነት ዘመን አሜሪካን የሚወቅስ አልበም ይዘው አንደኛ ሲወጡ፣ አልበሙም በ2010 ብሮድዌይ መድረክ ላይ ሲቀርብ፣ የሚያስደንቀው ሰው አልነበረም።

የኢትዮጵያ ሙዚቀኛ ከፐንክ ባንድ ጋር ተጫውቶ ያውቃል?

አዎ፣ ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ። ዘ ኤክስ በ1979 አምስተርዳም የተመሠረተ የሆላንድ ፐንክ ባንድ ነው፤ በ2002 ኢትዮጵያ መጥቶ ተጫውቷል። በ2004 የ25ኛ ዓመት በዓሉ ላይ ጌታቸውን ጋበዘ፤ ከዚያ በኋላ ጌታቸው ራሱ ባንዱ እንዲያጅበው ፈለገ። በ2006 ሞአ አንበሳ የተባለው አልበም ወጣ፣ አውሮፓን ተዘዋውረው ተጫወቱ፣ በ2012 ሁለተኛ አልበም ተከተለ። ጌታቸው የሚታወቀው ሽለላን በሳክስፎን በማምጣት ነው፤ ሽለላ ደግሞ የሚቆርጥና የሚያስፈራ ድምፅ ይፈልጋል። በልስልስ አጃቢ ላይ የሚሰማው ሳክስፎን ከተሰነጠቁት ጊታሮች ጋር ሲገጥም የጦር ሜዳ ስሜቱ ይመለስለታል። ዘ ኤክስ ሁሉንም ያደረገው ለትልቅ ኩባንያ ሳይፈርም ነው። ጌታቸው በ2016 አረፈ።

ለማዳመጥ ከየት ልጀምር?

በዓመት ቅደም ተከተል ቢሄዱ ለውጡ በግልጽ ይሰማል፦ የራሞንስ የመጀመሪያው (1976)፣ የባዝኮክስ አራት ዘፈን (1977)፣ የክላሽ ለንደን ኮሊንግ (1979)፣ የባድ ብሬይንስ ካሴት (1982)፣ የፉጋዚ ቀደምት ሥራዎች፣ ከዚያ ዱኪና ስማሽ (1994)። ለእያንዳንዱ ድምፁን እኩል አድርገው፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ድራሙን ብቻ እየተከተሉ አንዴ ይስሙ። በ1976ቱ ድራሙ ከጊታሩ ሥር ተቀብሮ ይሰማል፤ በ1994ቱ እያንዳንዱ ምት ፊት ለፊት ይመጣል። ሞአ አንበሳን ግን ለብቻው፣ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ይስሙት።